አያቴ የተዘረፈበት ጦርነት

እናቴን ጎረቤቷ «የባንዳ ልጅ» ያለቻት ወፍጮ ቤት ነው። መነሻው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ የእናቴ ጆንያ ከጎረቤቷ ጆንያ ፊት ተገኘ። ጎረቤቷ መጀመሪያ ስለ ጆንያው ተናገረች፣ ቀጥላ ስለ እናቴ ጠባይ፣ ከዚያ ወደ ሞቱት ዞረች።

«አባትሽ በየሰርጉ ተቀምጦ ጠጁን ሲጨልጥ ኖሯል። አንድ ቀን ተነስቶ ሲፎክር ያየ ሰው አለ? ባንዳ ምን ብሎ ይፎክራል!»

እናቴ እህሏን ሳታስፈጭ ተመለሰች።

ይህ ነገር የከበደበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በእኛ አገር የሰው የጦርነት ታሪክ የሚቀመጠው መዝገብ ቤት ሳይሆን ሰርግ ቤት ነበር። ጠጁ ሞቅ ሲያደርግ ወንዱ በየተራ ይነሳል፣ «ዘራፍ!» ይላል፣ የገደለውንና የማረከውን ያወራል። ከዋሸ አብሮት የዘመተ ሰው ከመደቡ ላይ ሆኖ «ያን ቀን አንተ አሞህ ተኝተህ ነበር» ብሎ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነበር። ኋላ አብረው የዘመቱት እያለቁ ጠጁ ግን እየበረታ ሲሄድ፣ ጣሊያን አገራችን ካስገባው ወታደር ይልቅ በእኛ ዳስ ውስጥ የሞተበት በለጠ።

የእናቴ አባት በዚህ ሁሉ መሀል ቁጭ ብሎ ሥጋውን ይቆርጥ ነበር። ግንባሩ ላይ ረጅም ጠባሳ ነበረው። ስለ ጠባሳው ስንጠይቀው «የጦርነት ነው» ይልና ወሬ ይለውጣል። እንደዚሁ ወሬ እንደለወጠ ሞተ።

እናቴ ያን ቀን ምሳ ሳትቀምስ አስጠራችኝ። «የአባቴን ነገር አጣርተህ ና» አለችኝ። «የአርበኝነቱን ወረቀት አምጣልኝ።»

«ባይገኝስ?»

«ባንዳም ከሆነ ባንዳ ነው በለኝ። ከእሷ አፍ ከምሰማው ካንተ አፍ ልስማው።»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአርበኞችን ጉዳይ የሚያይ ቢሮ ነበር። ኃላፊው የአያቴን ስም ፈልጎ አጣው፤ ግን አልደነገጠም። «ሦስት ምስክር አምጣ፣ እንጽፈዋለን» አለኝ። ከወረቀቱ በፊት ሰው አለ ማለት ነው፤ ሰው ደግሞ ገበያ ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እኔ እህል ነጋዴ ነኝ፤ ትምህርቴም እዚያው ገበያ ነው። ጆንያ ስገዛ ከላይ ያለውን አላይም፤ እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ ከታች ያለውን አወጣለሁ። ምስክርም እንደዚያው ነው ብዬ ተነሳሁ።

ሉማሜ አውቶቡስ ከሚቆምበት አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ሜዳሊያ የደረደሩ አዛውንቶች ይቀመጡ ነበር። ጉዳዬን ነገርኳቸው። አንደኛው ሻዩን እያማሰለ «የትኛውን ጦርነት ነው የምትፈልግ?» አለኝ፤ ልክ እኔ ደንበኛዬን «ነጩን ጤፍ ነው ሠርገኛውን?» እንደምለው። የአያቴን ስም እንኳ ገና አልጠየቀኝም።

አምበር ላይ ያገኘኋቸው ሌላ ሽማግሌ ስሙን ስጠራላቸው ዕንባ በዓይናቸው ሞላ። «ወንድሜ ነበር! ጎን ለጎን ነው የተኮስነው።»

እጄን ወደ ጆንያው ሰደድኩ። «ረጅም ነበር አይደል አባቴ?»

«ረጅም ብቻ! ባሕር ዛፍ ነው እንጂ ሰው ነው እንዴ! ፈረሱ ላይ ሲወጣ እግሩ መሬት ይነካል።»

አያቴ አጭር ሰው ነበር፤ ፈረስ ላይም ሲወጣ ያየው የለም። አመስግኜ ሻይ ጋብዤ ተለየኋቸው። ዕንባቸው ግን እውነተኛ ነበር፤ ለማን እንደፈሰሰ ነው ያላወቅኩት።

ደብረ ኤልያስ ስደርስ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አንድ ማሳ ዳር አጥር የሚያጥሩ ሽማግሌ ጋ ሰዎች መሩኝ። ስሙን ስነግራቸው መጥረቢያውን አስቀመጡ።

«አውቀዋለሁ። ግንባሩን የፈነከትኩት እኔ ነኝ።»

ለማንኛውም ብዬ «ረጅም ነበር አይደል?» አልኩ።

«ምኑ ነው ረጅሙ! በቅሎ ሲጭን ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው። አንተ ልጅ፣ ልታውቅ ነው የመጣህ ወይስ ልትፈትነኝ?»

ተቀመጥን። አያቴ በጣሊያን ጊዜ ባለ አጋሰስ ነበር። ከደብረ ማርቆሱ የጣሊያን ምሽግ ዱቄትና ጨው እየጫነ በዚህ በኩል ወዳለው ትንሽ ጦር ሰፈር ያደርሳል። ሽማግሌው ደግሞ ጫካ ነበሩ። ጫካው ጨው የለውም፤ ስንቅም የለውም። አያቴ ሰው ልኮ ከወንዙ ዳር ቆዩኝና ዝረፉኝ አላቸው።

«ዘረፍነው። ያለ ዱላ የተዘረፈ ሰው ግን ማን ያምነዋል? ምታኝ አለኝ። መታሁት። ይህማ የወዳጅ ዱላ ነው፣ በደንብ ምታኝ አለኝ። ያኔ ትንሽ ሳትኩና ግንባሩ ተፈነከተ።» ሽማግሌው እጃቸውን አዩት። «ከተማ ሲመለስ ደግሞ ጣሊያኖቹ ስንቅ አስወሰድክ ብለው ገረፉት። እኛ እንመታዋለን፣ እነሱ ይገርፉታል። እኔ ከጠላት ጋር ስታኮስ እንኳ እንደሱ አልቆሰልኩም።»

«ከዚያ በኋላ ማን ጭነት ይሰጠዋል ታዲያ?»

«አንዱን ያስዘርፋል፣ ቀጣዩን በደህና ያደርሳል። ሁሌ ቢዘረፍ እንጀራውም ነገራችንም ይቋረጥ ነበር።»

እንደ ነጋዴ አደነቅኩት። እንደ ልጅ ልጅ ግን ያን በደህና የደረሰውን ዱቄት ማን እንደበላው አሰብኩ። ሰርግ ላይ ዝም ያለበትም ምክንያት ገባኝ። ሰው ተነስቶ «ዘራፍ! የተዘረፍኩ!» ብሎ አይፎክርም።

ሽማግሌውን ይዤ ተመለስኩ። እናቴ ሁሉንም በጥሞና ሰማች፤ ስለ ዱላው ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ስለደረሰው ዱቄት ስትሰማ መልሳ አወረደችው። ከዚያ «ቢሮውም ይስማ» አለችና ሦስታችን ሄድን።

ኃላፊው አዳምጦ ብዕሩን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። «የዋለበት ግንባር የት ነው?»

«ወንዙ ዳር» አሉ ሽማግሌው።

«እዚያ ጦርነት አልተደረገም። መዘረፍን ደግሞ አርበኝነት ብዬ ብጽፍ ነገ የከተማው ነጋዴ ሁሉ ይሰለፍብኛል።» ወደ እኔ አየ። «ለጠላት ያደረሰውንስ ምን ልበለው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይልቅ አባት፣ እርስዎ የታወቁ ሰው ነዎት። አንድ ተራራ ይጥሩልኝ፤ እዚያ አብሮኝ ዋለ ይበሉ። ሌሎቹን ሁለት ምስክሮች እኔ አላጣም።»

እኔም አላጣም፤ አንዱ አምበር ያለቅሱልኛል። ነገሩ አዋጪ መስሎ ታየኝ። ሽማግሌውም የትኛው ተራራ እንደሚሻል ማሰብ ጀምረው ነበር።

«ተራራ አልፈልግም» አለች እናቴ። «ተራራማ ሁሉም ሰው አለው። አባቴ፣ ካልደከመዎት ወደ ጎረቤቴ እንሂድ።»

ጎረቤቷ ደጇ ላይ ስንዴ ትለቅም ነበር። ሰፌዱን ሳታወርድ ሽማግሌውን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«እንግዲህ ለጣሊያን ጦር ሰፈር ያደረሰውም አለ ነው የሚሉኝ?»

«አለ» አሉ ሽማግሌው።

«እንዲያ ከሆነ ግማሽ ባንዳ ነው።»

«ግማሹን ተቀብያለሁ» አለች እናቴ። «የቀረውን ግማሽ ግን አሁኑኑ መልሺልኝ።»

ጎረቤቷ ሰፌዱን አወረደች። «መልሻለሁ» አለች፣ መደቡ ላይም ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ የወፍጮ ቤቱ ድምጿ ተመለሰ።

«እርስዎ ግን ምን ዓይነት ሰው ነዎት? ጨው ይዞ የመጣልዎትን ሰው እንዲያ አድርገው ይመታሉ? ትከሻውን አይመቱትም?»

«ምታኝ ብሎኝ እኮ ነው!»

«ምታኝ ያለ ሁሉ ይፈነከታል?» አለች እናቴ፣ ከጎረቤቷ ጎን እየተቀመጠች። «ዓይኑ ቢጠፋስ ኖሮ?»

ሁለቱም እየተቀባበሉ ቀጠሉ። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ትንሽ ከታገሡ በኋላ ወደ እኔ ዘወር አሉና ቀስ ብለው «አንተ ልጅ፣ ተራራው አይሻለንም ነበር?» አሉኝ።