አፏን የከፈተችው ወፍ

ከአባያ እስከ ዳሞት ተራራ የኔን ጆሮ የሚያህል ጆሮ አልተፈጠረም። ሁምቦ ላይ የበቆሎ ቅጠል ሲወድቅ ሶዶ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን መብራት ጠፍቶ ኪቦርዱ ዝም ሲል፣ ለኳየሩ መነሻ ድምፅ የምሰጠው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ግቢያችን አቮካዶ ላይ አመሻሽ ላይ የምትዘምረው ወፍ ዝም ስትል ቀድሞ የገባው ለእኔ ነው። ነጭ ቅንድብና ብርቱካናማ ደረት ያላት፣ የሌሎቹን ወፎች ዜማ እየሰረቀች ከባለቤቶቹ አሳምራ የምታዜም ናት። ወንጀለኞቹንም ወዲያው ያዝኩ፦ ከቆርቆሯችን ስር የገቡት የሌሊት ወፎች።

«እነዚህ ድምፅ የሚባል አልፈጠረባቸውም፤ በምቀኝነት አባረሯት» ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ።

ባለቤቴ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የምን ድምፅ የላቸውም? ሲንጫጩ እንቅልፍ ነሱኝ እኮ!» ትለኛለች።

«አንቺ ደግሞ ማጋነን ትወጃለሽ» እላታለሁ። እኔ ነኝ እንዲህ የምለው!

አንድ ምሽት የሌሊት ወፎቹ ከመውጣታቸው በፊት መሰላል ላይ ወጣሁ፤ ወጥተው ሲያልቁ ቀዳዳቸውን በጭቃ ልደፍን ነው። ልጄ ከስር መሰላሉን ይዛልኛለች።

«አባዬ፣ ቆይ! እየዘመረች ነው!»

«ማን?»

«ወፏ ናታ! አጠገብህ!»

ዞርኩ። ክንዴን ብዘረጋ እነካታለሁ። አፏን ከፍታለች፤ ጉሮሮዋ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። ምንም የለም።

ልጄ ሳቀች። «በየቀኑ እኮ ትዘምራለች። አባረሯት ስትል እየቀለድክ መስሎን!»

የሌሊት ወፎቹ መውጣት ጀመሩ። እነሱም አፋቸው ክፍት ነው። እየጮኹ፣ ተመልሶ በሚመጣላቸው ድምፅ መንገዳቸውን ያገኛሉ ይባላል። ስንት ጊዜ ወፏን ከነሱ ሳበላልጥ ከረምኩ! ለኔ አሁን ሁለቱም እኩል ዲዳ ናቸው። ቢሆንም ለሌሊት ወፍ የሚመለስላት አለ። ወደኔ የሚመለስ ነገር የለም፤ ነገ ደግሞ የምሰማው ከዛሬ ያንሳል። ጆሮውን ያጣ ኳየር አሠልጣኝ ምን ይባላል? አንድም ቀልድ አልመጣልኝም።

ለካ በቀጭን ድምፅ የሚያዜሙትን ሴቶች፣ ሶፕራኖዎቹን፣ «ከፍ አድርጉ!» እያልኩ ሳስጮኻቸው የከረምኩት፣ ማይኩ ነው ብዬ ማይክ ያስቀየርኩት ቀጭን ድምፅ ስለሚያመልጠኝ ነው። ቀዳዳውን ሳልደፍን ወረድኩ።

እሁድ እንደልማዴ ፊታቸው ቆሜ እጄን አነሳሁ። ምእመኑ መዝሙሩን በእንባ ተቀበለው፤ እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ፈገግ አልኩ። ሴቶቹን አንዳቸውንም አልሰማኋቸውም። የምመራቸው አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ እያየሁ ነው።