የአባቴ ጾምና የእርዳታው ስንዴ

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። በልጉ ከድቶን፣ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ማዶ ባለችው መንደራችን ጎተራውን አይጥ እንኳ ንቆት ሄዷል። አባቴ ቄስም ገበሬም ነው። የቀረን ከጎረቤት ጋር እያቀናጀ የሚያርስበት አንድ በሬ ነው። የእርዳታ ስንዴ ካልመጣ በሬው መሸጡ ነው፤ በሬው ከተሸጠ ደግሞ ለከርሞ በምን ይታረሳል? እናቴን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነበር።

እርዳታ እንደሆነ የመኪና ወዳጅ ነው። ጋሸና መንገድ ዳር ያለ ሰው ሲርበው በመስኮት ይታያል። ላሊበላም ፈረንጅ ሞልቷል፤ እሱ ግን የመጣው ቤተ ክርስቲያን ሊያይ እንጂ የእኛን ጎተራ ሊጎበኝ አይደለም። እኛ ገደል ወዲያ ነን፤ ማን ያየናል?

አንድ ቀን ግን፣ ተመስገን፣ የእርዳታ ሰዎች ገደሉን በእግራቸው ወጥተው ችግራችንን ሊጠይቁ መጡ። ምን ዋጋ አለው፣ የመጡት በፍልሰታ!

አንደኛው መስቀል ተሳልሞ፣ «አባታችን፣ ዛሬ ምን በላችሁ?» አለ።

«ገና ቅዳሴ ሳንገባ? እግዚኦ!»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ጾም ነው፣ ልጄ። ማታ ቀመስ አድርገናል።»

«ወተት፣ እንቁላል?»

«ኧረ በስመ አብ በል!»

«ልጆቹስ?»

አባቴ ደረቱን ነፋ። «እነሱማ ጎበዞች ናቸው፤ ይቆርባሉ።» እኛም ጎበዞቹ ተደርድረን ቀጥ አልን።

እናቴ ከኋላ ጋቢውን ብትጎትት፣ ብታስል፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ፣ «የሚበላ ጠፍቶ ነው እንጂ» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዳ ፊት ምን ትላለች ይቺ!» ብሎ አባቴ ሳቀ። ጠያቂውም አብሮ ሳቀ። ለካ እሱም ጾመኛ ኖሯል፤ ጎንበስ ብሎ፣ «በጸሎትዎ ያስቡን» አለና ሄደ።

ስንዴው ጋሸና መንገድ ዳር ወረደ። እዚያ ያሉት ሲጠየቁ፣ «ምን አለና እንበላለን!» ብለው አረፉት። ቅናት አንጨረጨረኝ። የተማሩ ሰዎች የአንዱ አገር ረሃብ ተሰምቶ የሌላው ለምን ሳይሰማ ይቀራል እያሉ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር፣ አባቴን ባያችሁት እላለሁ በሆዴ።

ፍልሰታ አለቀ። እኛ ቤት ጾም የሚፈታበት ነገር አልነበረም። እናቴ ባዶውን ሌማት አባቴ ፊት አስቀመጠችው።

«እንግዲህ ለልጆቹ ይንገሯቸው» አለች፣ «የነገው የምን ጾም ነው?»

አባቴ ብድግ አለ። ከዚያ ገመዱን ከግድግዳው አወረደና ወደ በሬው ሄደ።