የሳሌሃ ትንፋሽ

ሳሌሃ ቡታጅራ ወፍጮ ቤት ውስጥ ከቆሼ ከተማ የሚመጣውን በርበሬ ስትፈጭና በወንፊት ስትነፋ ነው ያረጀችው። ሳሉ የያዛት ልጇ ባሂራ ገና ጡት ሳትጥል ነበር። አክታዋ ቢመረመር ምንም አልተገኘበትም፤ የሚያስል ሰው ሌላ ምን ይኖረዋል ተባለና የቲቢ መድኃኒት ተጀመረላት። መድኃኒቱ አለቀ፣ ሳሉ ግን አልለቀቃትም። እንደገና ጀመሩላት። ጎረቤት ሲኒዋን ለየ። እሷ ደግሞ የባሰውን አደረገች፤ ባሂራን ወልቂጤ ላለችው እህቷ ለነዒማ ሰጠቻት። ለልጇ ብላ ነው፣ ማን ይፈርድባታል? ዒድ በመጣ ቁጥር ብትሄድም በር ላይ ተቀምጣ፣ አፏን በሻሿ ሸፍና ነበር የምታያት።

ዘንድሮ ትንፋሽ አጥሯት ሥራ ላይ ስትወድቅ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ጤና መኮንኑ ይትባረክ የሳንባን ጉልበት የሚለካ ቱቦ ሰጥቶ ባላት ኃይል እንድትተነፍስበት ነገራት። ልኬቱን የሚተረጉምለት ስልኩ ላይ የጫነው አፕ ነው። ሳሌሃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው እፍ አለች። ስልኩ ትንፋሹ አይበቃም ብሎ መለሰው። ደገመች፣ አሁንም መለሰው። ይትባረክ ለገመች ብሎ ሊቆጣ ሲል ነው ነገሩ የገባው፤ ይቺ ሴት ሰው ፊት መተንፈስ ከተወች ቆይታለች። ተነስቶ መስኮቱን ከፈተና ወደ ውጭ አዞራት። ያኔ ያላትን ሁሉ አወጣች።

ስልኩ የመተንፈሻ ቧንቧዋ ጠቧል፣ ማስፋፊያ መድኃኒት ስባ ደግማ ስትተነፍስም እምብዛም አልተከፈተም አለ። ይትባረክ ራጅዋንና የአክታዋን ውጤት ደርቦ አየና የበርበሬው ብናኝ ያመጣው ነው አላት። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጨርሶ የሚድንም አይደለም።

«በፊትስ ዶክተር? ያን ጊዜ ይተላለፍ ነበር?»

ይትባረክ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«የሚተላለፍ በሽታ የነበረብዎት አይመስለኝም፣ እናቴ።»

ስለማይድነው ነገር አንድ ቃል አልጠየቀችም። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ወልቂጤ፣ ነዒማ ቤት ላለችው ባሂራ ደወለች። ቲቢ እንዳልሆነ፣ ምናልባት ድሮም እንዳልነበረ፣ ከእንግዲህ አብረው መኖር እንደሚችሉ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረቻት። ባሂራ ሥርዓት ያላት ኮረዳ ሆናለች። ሳታቋርጥ ሰማቻት፣ አልሐምዱሊላህ አለች።

«እናቴ ከገበያ ስትመለስ እነግራታለሁ» አለች ቀጥላ፤ «እሷም ደስ ይላታል።»