ማናህሎሽና ባለጭራው ፎንት

ማናህሎሽ ቆንጆ ፊደል ካየች ምሳዋን ትረሳለች። ደቡብ ሱዳን፣ ካቶር ሰፈር ባለችው ማተሚያ ቤታችን እሷ ትነድፋለች፣ እኔ እሱባለው አትማለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስንነታረክ እንውላለን። ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣች በዓመቱ አንድ የእንግሊዝኛ ፎንት ከኢንተርኔት አወረደች። በብዕር የተጻፈ የሚመስል፣ ፊደላቱ የተያያዙ፣ የቃሉ መጨረሻ ላይ ጭራ የሚያወጣ ነው። ከዚያ በኋላ የሆቴሉ ሜኑ በሱ፣ የፀጉር ቤቱ ታፔላ በሱ ሆነ። የጎሚስታው ማስታወቂያ ሳይቀር የሠርግ ጥሪ መሰለ። ደንበኛ ከወደደው እኔ ምን አገባኝ።

ተሻለች የምትባል የባንክ ሠራተኛ የሠርግ ካርድ አዘዘችን። እጮኛዋ ዘካርያስ ጋምቤላ ያደገ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ አማርኛው ከኔ ይሻላል። ሐዋሳ ያሉት አባቷ አቶ ተክለማርያም ግን ልጄን ለማላውቀው ሰው አልድርም ብለው ዓመት ከርመዋል። ስንት ሽማግሌ ተልኮባቸው፣ ጥሪው እንደ ወጉ በስማቸው ከወጣና ካርዱን በዓይናቸው ካዩ እመጣለሁ አሉ። ካርዱን የሚያደርስላቸው መንገደኛ በማግስቱ ጠዋት ይበራል።

ማናህሎሽ በአንዱ ገጽ እንግሊዝኛውን፣ በሌላው አማርኛውን አሰናዳች። አማርኛውን የጻፈችው በድሮው ሶፍትዌር ነበር። በመጨረሻ ሁሉንም መርጣ ወደ ባለጭራው ፎንት ቀየረችው። በዚያ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ ፎንቱ ሲቀየር የላቲን ቅራቅንቦ ይሆናል። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ ሳናይ ሁለት መቶ ካርድ አተምን።

ከቀትር በኋላ ሊወስድ የመጣው ዘካርያስ ካርዱን ገለበጠና፣ በጣም ያምራል፣ ግን ምን ቋንቋ ነው ብሎ ጠየቀ። በአቶ ተክለማርያም ስም ቦታ የፐርሰንት ምልክትና ሦስት ኬ ጭራቸውን ነስንሰው ተኮፍሰዋል። ማናህሎሽ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ኮምፒውተራችን ላይ ያለው የአማርኛ ፊደል የቀበሌ ማስታወቂያ የሚመስለው ብቻ ነው፤ ይህንንማ ላኮረፈ አባት አልክም አለች። ዘካርያስ በአገሩ ዓረብኛ «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም ቢላትም ፊቱ ሌላ ይናገር ነበር።

ብዕር አነሳች። የ«ተ»ን እግር እያጠማዘዘች፣ የ«ም»ን ጭራ እየሳበች ጥሪውን በሙሉ በእጇ ጻፈችው። ሰባት ወረቀት ቀደደች፤ ስምንተኛውን ስካን አድርገን እንደገና አተምን። አማርኛ እንዲህ ሲሽሞነሞን አይቼ አላውቅም። ምስጋና የማይወጣኝ ሰው ያን ቀን እጅሽ ይባረክ አልኳት። መንገደኛውም ካርዱን ይዞ በረረ።

አቶ ተክለማርያም መጡ፣ መረቁ፣ ጨፈሩም። ከሠርጉ በሦስተኛው ቀን ማተሚያ ቤታችን ድረስ መጥተው ጻፊዋ የትኛዋ ናት አሉ። ለሳሎናቸው ግድግዳ የልጃቸውን ስም በትልቁ እንድትጽፍላቸው ፈልገዋል። ማናህሎሽ ደስ ብሏት ወረቀት ዘረጋችና «ተ»ን ስትጀምር እጇን ያዝ አደረጉት።

«የሷማ ፎቶ ቤቱን ሞልቶታል» አሉ። «ወንዱን ልጄን ነው ያልኩሽ፤ ዘካርያስን።»

ማናህሎሽ ሌላ ወረቀት አወጣች። እኔም ሳልጠየቅ ብዕሯን ቀለም ሞላሁላት።