ፕላዝማ የሆንኩበት አርብ

ባለፈው ሳምንት ለምሰፋው ቀሚስ ጥለት ልመርጥ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ነጠላ የተደረደረበት ሳጥን አየሁና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሰፋ ያለ፣ ባለ ሁለት መዝጊያ፣ የቁልፍ ቦታ ያለው ሳጥን ነው። ሻጯ ወጣት ናት። አፍጥጬ ስቀርባት ነጠላውን የወደድኩት መስሏት ታወርድልኝ ጀመር።

«ነጠላውን አይደለም እህቴ። ሳጥኑን ከየት አመጣሽው?»

«አባቴ ነው ከትምህርት ቤት ጨረታ የገዛው። የምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም» አለችኝ።

እኔ አውቃለሁ። አስረኛ ክፍል ሳለሁ በዚያ ዓይነት ሳጥን ውስጥ አስተማሪ ይኖር ነበር።

ላልደረሰበት ሰው ላስረዳ። በኛ ጊዜ ትምህርቱ የሚመጣው በሳተላይት ነው። ክፍሉ ፊት ለፊት ትልቅ ቴሌቪዥን ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ፕላዝማ እንለዋለን። ሰዓቱ ሲደርስ ይከፈትና ከረባት ያሰረ ሰውዬ ብቅ ብሎ በእንግሊዝኛ ይነጉዳል። አይቆምም፣ አይደግምም። የገባው ገባው፣ ያልገባው ዓይኑን ያቁለጨልጫል። አልፎ አልፎ ጥያቄ ይጠይቀንና ትንሽ ይጠብቃል። እኛ ክፍሉን የሞላነው ሁሉ ጭጭ እንላለን። እሱ ታዲያ ፈገግ ብሎ «ዌል ዳን!» ይለናል። ምንም ሳይመልስ የኛን ያህል የተመሰገነ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

የፊዚክስ አስተማሪያችን ቲቸር ግርማ ነበሩ። ታላላቆቻችን በሳቸው ይምሉ ነበር፤ ጠመኔ ሲይዙ ሌላ ሰው ይሆናሉ ይሉናል። እኛ ጋ ሲደርሱ ግን ሥራቸው ማብራትና ማጥፋት ሆነ። በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ እንደኛው ያያሉ። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ አንድ ሙያ ብቻ ነበረኝ፤ ሰው ማስመሰል። በእረፍት ሰዓት ቦምቦሊኖዬን እየገመጥኩ ሰውዬውን ከነቅንድቡ፣ ከነ«ዌል ዳኑ» አመጣዋለሁ። ስሜ ቀርቶ ፕላዝማ ተባልኩ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ጽጌ የቀጨኔ ልጅ ናት፤ እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። አንደኛ ደረጃ አብረን ስንማር እጇን ሳታወጣ የምታልፈው ጥያቄ አልነበረም። አስተማሪው «ሌላ ሰው!» እስኪል ድረስ። ፕላዝማው ሲመጣ ያ እጅ ወረደ። ለማን ታውጣው? በዚያ ላይ «የሸክላ ሠሪ ልጅ» እያሉ የሚያሽሟጥጡ አልጠፉም ነበርና ዝምታው ተመቻት።

ጊዜው ዓቢይ ጾም ነበር። አንድ አርብ ጠዋት ዳገቱን አብረን እንወጣለን። ሌሊቱን የጣለው የበልግ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል፤ ከእንጦጦ በኩል የረጠበ የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል። ጽጌ ቆም ብላ የጫማዋን ጭቃ በድንጋይ እየፋቀች፣

«ከሰኞ ጀምሮ አልመጣም» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው? ማትሪክ እኮ ደረሰ!»

«ለማላልፈው ነገር? በቃ፣ ከእማዬ ጋር ጭቃዬን አቦካለሁ። እዚያ ቢያንስ የምሠራው ነገር ይገባኛል።»

እኔም ከሷ የተሻለ አልገባኝም። ድንጋዩን ተቀብያት የኔን ጫማ ፋቅኩ።

ፊዚክስ ከእረፍት በኋላ ነበር። ሰውዬው ስለ ኤሌክትሪክ መስመር እየነጎደ ሳለ፣ ቃሉን ሳይጨርስ ድርግም አለ። መብራት ጠፋ። ሌላ ቀን ቢሆን እልል ብለን ሜዳው ላይ ነበርን። ያን ቀን ግን ውጪው ዶፍ ነው፤ የሚወጣበት የለም። ከኋላ ወንዶቹ «ፕላዝማ! ፕላዝማ!» እያሉ ዴስክ መደብደብ ጀመሩ። ቲቸር ግርማን አየኋቸው፤ አልከለከሉኝም። ተነስቼ የጨለመው ቴሌቪዥን ፊት ቆምኩ።

ቅንድቤን ሰቀልኩ፣ የሌለ ከረባቴን አስተካከልኩ፣ እንግሊዝኛ የሚመስል ነገር ለቀቅኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ሳሞቀው ነው የጽጌን እጅ ያየሁት፤ አውጥታዋለች።

«ጥያቄ አለኝ» አለች።

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ፕላዝማን የጠየቀ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«እኛ ቤት መብራቱ የተሳበው ከጎረቤት ነው። እነሱ ጋ ቆጣሪው ሲዘጋ እኛ ጋም ይጠፋል። የኛ ሽቦ ሲበጠስ ግን እነሱ ጋ አይጠፋም። ለምንድን ነው?»

እኔ እቴ፣ ምኑን አውቄው! ያለኝን ሰጠኋት፤ «ዌል ዳን!»

ሁሉም ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። «አልመለስሽልኝም እኮ» አለችኝ። ጠዋት ዳገቱ ላይ ያየሁት ፊት ነው። ቀልዱ አፌ ላይ ደረቀብኝ። ወደ በሩ ዞሬ፣

«ቲቸር፣ ፕላዝማው ተበላሽቷል። እርስዎ ቢመልሱላትስ?» አልኩ።

ቲቸር ግርማ ሳቁ። ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከወንበራቸው ተነሱና «ክር ያለው?» አሉ።

እኔ ነበረኝ። አባቴ ሸማኔ ስለነበር፣ ከትምህርት መልስ የማጠነጥንለት ክር ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ሰው እንዳያይብኝ ከደብተሮቼ ሥር እቀብረዋለሁ። ያን ቀን አውጥቼ ሰጠኋቸው። «እኔ የመብራት ምሰሶ ነኝ፤ ክሩ ሽቦ ነው» አሉና የክሩን ጫፍ ያዙ። ዳዊት የሚባለውን ረጅሙን ልጅ ጎረቤት አደረጉት፤ ክሩ ከሳቸው ወደሱ፣ ከሱ ወደ ጽጌ ሄደ። ከዚያ ምላጭ ሰጧት።

«ቁረጪ። ከፈለግሽበት ቦታ።»

በዳዊትና በሷ መሀል ቆረጠች። ዳዊት ክሩን እንደያዘ ቀረ፤ እሷ ጋ ጠፋ። ቀጥለው የተቆረጠውን ቋጠሩና በምሰሶውና በዳዊት መሀል አስቆረጧት፤ ሁለቱም ጋ ጠፋ። «አሃ!» የሚል ድምፅ ከየዴስኩ ተሰማ። በመጨረሻ የዳዊትን መልሰው ቋጥረው፣ ሌላ ክር ከራሳቸው እጅ አንስተው በቀጥታ ለጽጌ ሰጧት። «አሁን የዳዊትን ቁረጪ።» ቆረጠች። የሷ እጇ ላይ ቀረ። ክሩን አየችው፣ እሳቸውን አየቻቸው፣ ፊቷ በራ። ከዚያ በኋላ ማን ይቀመጣል! ሁሉም ዴስክ ላይ ወጥቶ «ለኔ! ለኔ!» ሆነ፤ የአባቴ ክር ከግድግዳ ግድግዳ ተዘረጋ።

በሩ የተከፈተው ይሄኔ ነው። ዳይሬክተሩ ናቸው፤ ዣንጥላቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

«ምንድን ነው ይሄ? ገበያ ነው?»

ቲቸር ግርማ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጽጌ ቀደመቻቸው። ክሯን እንደያዘች ምሰሶውን፣ ጎረቤቱን፣ የተቆረጠውን ሁሉ እያሳየች አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ወደ መጨረሻው ያቺ «ሌላ ሰው!» የምትባለዋ ልጅ ተመልሳ መጣች። ዳይሬክተሩ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ማነው ይህን ያስተማረሽ?»

ወደኔ ጠቆመች። «ፕላዝማው።»

ሳቃችን ሳያባራ መብራት መጣ። ሰውዬው ካለበት ብቅ አለ፤ አንድ ነገር ጠየቀን፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ፈገግ ብሎ «ዌል ዳን!» አለ። ያን ጊዜ ዳይሬክተሩም አልቻሉም፤ በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ቲቸር ግርማ ወደሳቸው አዩ፤ እሳቸውም አዩዋቸው። በትምህርት ሰዓት ፕላዝማ ማጥፋት ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ቲቸር ግርማ እጃቸውን ሰደዱና አጠፉት። ዳይሬክተሩ ዣንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከኋላ ዴስክ ተቀመጡ።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቷል። ቁልቁለቱን ከጽጌ ጋር እየተንሸራተትን ወረድን። ወደ ቀጨኔ መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ትቀሪያለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈራሁ። እሷ ጥቂት ሄዳ ዞረች።

«ሰኞ ክር እንዳትረሺ» አለችኝ።

ቤት ገብቼ ክሩ የት እንደደረሰ ለአባቴ ነገርኩት። የተቆራረጠውን እያገላበጠ አየና «የኛ ክር እዚያም ገባ?» አለኝ። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ሌላ ጥቅልል አቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ ከደብተሮቹ በላይ ነበር የማስቀምጠው።

ከዚያ አርብ እስከ ማትሪክ ድረስ ከትምህርት በኋላ ለማጥናት ስንቀር ቲቸር ግርማም ይቀሩ ነበር። ጽጌ አለፈች፤ ዛሬ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ትሠራለች። እኔ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ስፌት ተማርኩ፣ ይኸው በሙያዬ እንጀራዬን እበላለሁ። በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። በሕይወቴ የኮራሁበትን ንገሪን ብትሉኝ ሌላ አልጠቅስም፤ ያቺ ልጅ እጇን ያወጣችው እኔ ፊት ነው።

ሱቁ ውስጥ ቆሜ ደወልኩላት።

«ሄሎ፣ ፕላዝማ!» አለችኝ፤ ዛሬም ሌላ ስም የለኝም።

«ጽጌ፣ የፕላዝማ ሳጥን አገኘሁ። ነጠላ ተደርድሮበታል።»

ሳቀች። ከዚያ «ጥያቄ አላት በዪው» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ወደ ሳጥኑ ጠጋ ብዬ ነገርኩት። ሻጯ ግራ ገብቷት ታየኛለች። ሳጥኑ እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ እኔም ለቀሚሱ የሚሆን ጥለትና፣ ባያስፈልገኝም፣ አንድ ጥቅልል ክር ገዝቼ ወጣሁ።