አጥራችን ድረስ የመጣው ቦይ

አባቴ ዶማ አይነካም ነበር። የነጋዴ ልጅ፣ የነጋዴ የልጅ ልጅ ነኝ ይላል፤ ደሴ ፒያሳ ላይ ሱቅ ያለውን ታላቅ ወንድሙንም ሳይጠራ አይውልም። ይህን ሁሉ ማዕረግ ይዞ እሱ ግን ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና በላይ ካለው ተዳፋት፣ በአንዲት ጭቃ ቤት ጨው ይቸረችር ነበር።

ጥሊያን በገባ በሁለተኛው ክረምት ጎረቤቶቻችን እንደ ልማዳቸው ለጎርፍ ቦይ ደቦ ወጡ። ደንቡ ከዳገቱ እስከ ወንዙ እያንዳንዱ አባወራ በራሱ ደጅ የሚያልፈውን እንዲቆፍር ነው። አባቴ በራሱ ፈንታ ምሳ ላከ። ምሳው ተበላ፣ ምርቃቱም ወረደ፤ ቦዩ ግን አጥራችን ድረስ መጥቶ ቆመ። የሰፈሩን ውሃ አጠራቅሞ ቤታችን የሚያደርስ ቦይ ማለት ነው። ሰው እንዳይቀጥር ጉልበት ያለው ሁሉ የጥሊያን መንገድ ሥራ ላይ ነበር።

እናቴ ወንድሜን ወልዳ አራስ ቤት ነበረች። ውሃው ከነልጄ ይወስደኛል፣ እባክዎን ያችን ያህል ይቆፍሯት ብላ ለመነችው። ሰው ምን ይለኛል አላት። ከአላህ ይልቅ መንገደኛ የሚፈራ ሙስሊም እሱን አየሁ። የሱ ዝግጅት ሌላ ነበር፤ ከጣሪያው ስር ጠንካራ ቆጥ አሠራ፣ ለጨው።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ጎርፉ ቦዩን ይዞ መጥቶ፣ አጥሩን ገንድሶ ቤት ገባ። እናቴ ከተኛችበት መደብ ሲደርስ አባቴ የጨው ጆንያ እየተሸከመ መሰላል ይወጣል፣ ይወርዳል። ልጁን ቆጡ ላይ እንዲያወጣላት ጠየቀችው።

«ቦታ የለም፤ አንቺ ያዢው። ጨው እኮ ውሃ አይችልም» አላት።

እናቴ ሕፃኑን በአንድ እጇ አቅፋ መሰላሉን ወጣች፣ አንዱን ጆንያ በእግሯ ገፍታ ውሃው ውስጥ ጣለችና ልጇን በቦታው አስተኛች። ከዚያ እኔን ጎትታ አወጣችኝ። አባቴ ጆንያውን ተከትሎ ጎርፍ ውስጥ ገባ። እስኪሟሟ አቅፎት ቆመ።

በማግስቱ ጎረቤት እንኳን አላህ አተረፋችሁ ሊል መጣ። አባቴ ምን ተረፈልኝ ብሎ ስለ ጨዉ ያወራ ጀመር። ሕፃኑ እዚያው ፊት ለፊቱ ይጠባል። ሰማዩ ደግሞ እንደገና ጠቁሯል። እናቴ ልጁን ለአንዲት ጎረቤት አስታቀፈች፤ አርባ ቀኗን ሳትጨርስ፣ ወገቧን በመቀነት እንዳሰረች፣ የጎረቤት ዶማ አንስታ ወጣችና ከአጥራችን ስር መቆፈር ጀመረች።

ሴቶቹ ጮኹ። ከቢስቲማ ገበያ የሚመለሱ መንገደኞች አራስ ስትቆፍር አይተው አህያቸውን አቁመው ይመለከቱ ጀመር። አባቴ ያኔ ነው በባዶ እግሩ ሮጦ የወጣው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እያየ!» ብሎ ዶማውን ነጠቃት።

ቆፈረ። መንገደኞቹ ቆመው እያዩት ቦዩን እስከ ታች ድረስ ቆፈረው። ከመንገደኞቹ አንድ ሽማግሌ፣ ለአራስ ሚስቱ እንዲህ የሚራራ ባል አላህ ያብዛልን ብለው መረቁት።

አባቴ ላቡን ጠረገና አሜን አለ።