ለሁለት የተከፈለ የጥድ ክምር

በእኛ በምሥራቅ ቴነሲ ጥቅምት ሲገባ ግድቡን የሚጠብቁት ሰዎች ውኃውን መልቀቅ ይጀምራሉ። ለብርዱ ወራት ዝናብ ቦታ ለማስለቀቅ ነው። ሐይቁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሸሻል፤ እኛም ተንሳፋፊውን ሱቅ በገመድ እየጎተትን እንከተለዋለን። ሰው ጥቂት ቀን ከተዘናጋ ሱቁ ጭቃ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ውኃው እስኪመለስ የሚያነሳው የለም። እናቴ ስትታመም ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቼ እዚህ ሱቅ ገባሁ። ትልና መንጠቆ ስሸጥ፣ ለዓሣ አጥማጅ ሞርታዴላ ስጠብስ ዕድሜዬ አለቀ። ስለ ራሴ ይህ ይበቃል። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ሆባርት ስቱክስበሪ ነው።

ሆባርት የአክስቴን ልጅ ኔቫን ያገባ ሰው ነው። የወንበር እንጨት በሚላግበት ፋብሪካ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ደረቱ ውስጥ የቀረው አቧራ ዛሬም ሲስቅ ያስለዋል። ደግነቱ ብዙ አይስቅም። ኔቫ ከሞተች ወዲህ ከሰዓት በኋላ ጣቶቹ ሲፍታቱለት ይመጣል፣ ጀልባውን ያወርዳል፣ ሲመሻሽ ይመለሳል። የሚያጠምደው ባስ ነው፤ አፈ ሰፊ፣ ቁጡ ዓሣ። የምሥራቅ ቴነሲ ወንድ ሚስቱ ስትናገር ያልሰማውን ያህል ባስን ያዳምጣል፤ ምን በላ፣ የት ተኛ፣ ለምን ተቆጣ። ውኃው ሲሸሽ ዓሣው ከዳርቻው ለቆ ወደ ድሮው ወንዝ መሄጃ ስለሚሰበሰብ ለአጥማጆቹ ይህ ወር ሠርግ ነው።

የሆባርት ጀልባ ሁለት ወንበር አለው። የኋላው ሠላሳ ዓመት ያህል የቬስተር ራይንስ ነበር። ቬስተር የፋብሪካ ጓደኛው ነው፤ ቀጭን፣ ምላሱ እንደ ምላጭ። በየዓመቱ የሐይቁ ወለል ባዶ ሲወጣ ሁለቱ ከኮረብታው ጥድ ይቆርጣሉ፣ ጭቃው ላይ እየጎተቱ ያወርዱታል፣ ከብሎኬት ጋር በሽቦ አስረው አንድ ቦታ ይከምሩታል። በጸደይ ውኃው ሲመለስ ጥዱ ይሰጥማል። ትናንሾቹ ዓሣዎች ይጠለሉበታል፤ ባሱም እነሱን ተከትሎ ይመጣል። ከላይ ሲታይ ውኃ ብቻ ነው። ቦታውን የሚያውቀው የከመረው ሰው ነው።

እርግጥ በዚህ ወር የሁሉም ክምር ገሃድ ይወጣል። ያኔ የሰው ክምር ያየ ዓይኑን መልሶ ያልፋል። ልብ ብሎ ቦታውን የያዘ፣ በጸደይ ደግሞ መንጠቆውን እዚያ የጣለ ሰው፣ እኛ ዘንድ ሰላምታ የሚሰጠው አያገኝም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቢሆን እንኳ።

ከአራት ዓመት በፊት የሆባርት አማች ጌሪ ከናሽቪል መጣ። ሆባርት ኩራት ቢጤ ያዘውና ጌሪን በቬስተር ወንበር አስቀምጦ ክምሩን አሳየው። ጌሪ ሐይቁንም ነውሩንም አያውቅም፤ በአንድ የዓሣ ውድድር ላይ ለማያውቃቸው ሰዎች አወራ። የዚያን ቅዳሜ ሆባርትና ቬስተር ሲደርሱ ቦታው የመኪና ማቆሚያ መስሏል፤ የሰው ጀልባ በላዩ ላይ ተደርድሯል። ቬስተር የመንጠቆ ዘንጉን አጣጠፈ።

«ምስጢራችንን አወጣኸው» አለ።

እዚህ እስኪደርሱ ሌላ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ወዲያ አንዲት ትንሽ ጀልባ ገዝቶ በማዶ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ማውረድ ጀመረ። በእኔ ሱቅ በኩል አልመጣም።

ክምሩ ግን እዚያው ቀረ። በተጣሉበት ዓመት ሆባርት ሊያድሰው ሲወርድ ግማሹ በአረንጓዴ ጥድ ታድሶ አገኘው። ቬስተር ቀድሞት መጥቷል፤ ከመሐል ድንጋይ ደርድሮ የራሱን ወገን ብቻ ሠርቷል። ሆባርትም ከድንጋዩ ወዲህ ያለውን ሠራ። በዓመቱም እንዲሁ ሆነ፤ በዓመቱም። አንዱ ሲመጣ ሌላው የለም። እኔ ይህን ሁሉ ከሱቄ መስኮት አያለሁ፤ ምን ላድርግ፣ የሁለት ሽማግሌ ኩርፊያ የሚፈታ ዕቃ አልሸጥም።

ዘንድሮ የቬስተር ወገን አልታደሰም። ያለፈው ዓመት ጥድ ቅጠሉ ረግፎ እንደ ዓሣ አጥንት ቆሟል። ሆባርት ወርዶ አየውና ወደ ሱቅ ገባ።

«ዋኒታ፣ በዚያ በኩል ሰው ታይቷል?»

«በየት በኩል?»

«በዚያ በኩል ነዋ።»

«ሰው ስትል ማንን ነው?»

«ተዪው በቃ። ሞርታዴላውን አታሳርሪብኝ።»

በማግስቱ የቬስተር ልጅ ሮንዳ መጣች። ፊቷ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው።

«ሚስ ዋኒታ፣ የአባዬን ጀልባ የሚገዛ ሰው ካገኙ ይንገሩልኝ።»

«ምነው፣ አይወጣም እንዴ?»

«በኦክስጅን ነው ያለው፣ አልሰሙም? ከአልጋ እስከ በር ነው የሚሄደው። እሑድ ኦሃዮ እኔ ጋ እወስደዋለሁ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ‹እዚያ ሐይቁ አይሸሽም አሉ› አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።»

ከሰዓት በኋላ ሆባርት ሲመጣ ነገርኩት። እንዲህ ያለ ነገር አሳምሬ መንገር አልችልም፤ ቬስተር ታሟል፣ እሑድ ይወስዱታል፣ አይመለስም አልኩት።

«ይሂዳ» አለ። «እኔን ምን አገባኝ?»

የጠበስኩለትን ሳንድዊች ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ጀልባውንም አላወረደም።

ዓርብ ዕለት በመስኮት ሳይ አንድ ጎባጣ ሰው ባዶው ወለል ላይ ጥድ ይጎትታል። ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያስላል። ቀይ ጭቃው ከላይ ሲያዩት የደረቀ ይመስላል፤ ሲረግጡት ይውጣል። ጉልበቱ ድረስ ሲገባ አየሁና ቦት ጫማዬን አጥልቄ ሱቁን ዘግቼ ወረድኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ሰምጠህ ብትቀር ማን ሊያወጣህ ነው?»

«በጸደይ ባሱ ይሰበሰብብኛል፣ ምን ቸገረኝ። ነይ ይህን ሽቦ ያዢ።»

ሽቦውን ያዝኩ። ቆመን የምንሠራው ከድንጋዩ ወዲያ ነበር።

«ይሄ የቬስተር ወገን ነው» አልኩት።

«የማን እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ይቆጣል።»

«ይቆጣና ይናገራ! የምፈልገውስ ያንኑ አይደል?»

«ሆባርት፣ ወርዶ አያየውም እኮ። እስከ በሩ ነው የሚራመደው አለች ልጅቱ።»

ፒንሳው እጁ ላይ ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ ሐይቁ ሩቅ ነው፤ በእኛና በውኃው መካከል ጉቶና ስንጥቅ መሬት ብቻ።

«ሂድና ራስህ ንገረው» አልኩ።

«ምን ብዬ?»

«ይቅርታ ብለህ። ሰው ምን ይላል?»

«ለቬስተር? ይስቅብኛል።»

«ይሳቅብሃ። ሲስቅ ልታየው አልነበር እንዴ ይህን ሁሉ ጥድ የምትጎትተው?»

የቀረውን አስረን ጨረስን፤ ስንመለስ እኔ እሱን ደግፌ ይሁን እሱ እኔን ደግፎ እንጃ።

ቅዳሜ ሲመሻሽ ሆባርት አንድ ጥሩ ባስ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ መጣ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል።

«ፒክአፑን አስነሺ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወዴት እንደሆነ እያወቅሽ አታድክሚኝ።»

መንገድ ላይ ዓሣውን ጭኑ ላይ አደረገ። ከዚያ ራሱ ወሬ ጀመረ።

«አሮጌውን ድልድይ ታውቂዋለሽ? ግድቡ ሲሠራ የሰጠመውን?»

«እናቴ ስታወራ ሰምቻለሁ።»

«በበጋ ሐይቁ ሲሞላ ሩቅ ታች ነው፤ መንጠቆ አይደርስበትም። አሁን ውኃው ሲሸሽ ግን ለመንጠቆ ልክ ይመጣል። ባሱ ከምሰሶው ጥግ ተደርድሮ ይቆማል። ከቬስተር በተጣላሁ ሰሞን ብቻዬን ስዞር አገኘሁት። ለነፍስ አልነገርኩም፤ ለጌሪማ የት ደርሶ።» ጆንያውን አስተካከለ። «እሱን እሰጠዋለሁ። ሌላ የምሰጠው ምን አለኝ?»

የቬስተር ቤት በካርቶን ተሞልቷል። እሱ መስኮት ዳር ወንበር ላይ ነው፤ አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ ከጎኑ የምታጉረመርም የኦክስጅን ማሽን። ከሲታ ሆኗል። ሮንዳ በሩን ከፈተችልን።

«ማነው?» አለ ቬስተር።

«እኔ ነኝ» አለ ሆባርት።

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

ሆባርት ጆንያውን ገልጦ ዓሣውን ከፍ አደረገው። ቬስተር አንገቱን አዘንብሎ አየው።

«ከሲታ ነው።»

«መስታወት አይተህ አታውቅም?»

«የት ያዝከው?»

እዚህ አገር ይህን ጥያቄ በእውነት የሚመልስ ሰው የለም። «በአፉ በኩል» ይባላል፣ ይሳቃል፣ ያበቃል። ሆባርት ግን ኮፍያውን አወለቀ።

«ከአሮጌው ድልድይ» አለ። «ከምሥራቁ ምሰሶ፣ በጥላው በኩል። መንጠቆውን እስከ ወለሉ ታወርደዋለህ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ትጎትታለህ። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ደግሞ አንተ።»

የቬስተር ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሮንዳ ደንግጣ ተነሳች፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«ሆባርት፣ የምትሄደው ከሰዓት በኋላ ነው አይደል?»

«ነው።»

«ዓሣዎቹ ብዙ ቀን እምቢ ይሉሃል አይደል?»

«አንዳንዴ…»

«ጠዋት እኔ ለቃቅሜያቸው ነዋ!» ትንፋሽ አጠረውና እጁን አነሳ፤ ጠበቅነው። «ከተጣላን ጀምሮ እዚያ ነኝ። ጎህ ሲቀድ እመጣለሁ፣ የአንተ ጀልባ ከዋኒታ ሱቅ ሲነሳ ሳይ በማዶ በኩል እሄዳለሁ። አንድ ቀን መንጠቆህ ምሰሶው ላይ ተይዞ ክሩን በጥሰህ ሄደሃል። ያቺ አረንጓዴዋ መንጠቆህ። አውጥቼልሃለሁ፤ ከእነዚህ ካርቶኖች አንዱ ውስጥ ናት።»

ሆባርት ካርቶኖቹን አየ። ሁሉም ታሽገዋል።

«ልትነግረኝ ትችል ነበር» አለ።

«አንተም።»

«ያን ጊዜ ጌሪን ይዤው የሄድኩት…»

«ተወው።»

«ጥዱን በአንተ ወገን አድሼልሃለሁ።»

«በስንት ዙር ሽቦ?»

«በአንድ።»

«ይፈታል።»

«አይፈታም።»

«ዕድሜህን ሙሉ በአንድ እንዳሰርክ፣ ዕድሜህን ሙሉ እንደተፈታ!» አለ ቬስተር፤ ከዚያ ሳሉ መጣበት፣ አላቆመም። ሮንዳ እንድንወጣ በዓይኗ ለመነችን። ሆባርት ዓሣውን ወጥ ቤት አስቀመጠ። በሩ ላይ ዘወር ብሎ አንድ ነገር ሊል ነበር፤ ቬስተር ግን ዓይኑን ጨፍኖ ለትንፋሹ ይታገል ነበርና ሳይናገር ወጣን። ይቅርታ የሚለው ቃል በዚያ ቤት አልተነሳም። መኪናው ውስጥም አላነሳነውም።

እሑድ ሄዱ።

ሰኞ ገና ሱቁን ስከፍት ሆባርት ደጃፌ ቆሟል። በዚያ ሰዓት አይቼው አላውቅም፤ ጣቶቹ ከቅዝቃዜው የተነሳ አይታጠፉም። ድልድዩ ጋ ሊሄድ መሰለኝና ጥሩ ትል መረጥኩለት። እሱ ግን ጀልባውን ጭኖ የመጣበትን ተጎታች እንኳ አልፈታም። ወንበር ስቦ ድልድዩ ወዳለበት ወደ ታችኛው ሐይቅ ዞሮ ተቀመጠ። ጉሙ የወንዙን መሄጃ ይዞ ተኝቷል፤ አንድም ጀልባ የለም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት። «ጠዋት ነው የሚበሉት ብሎሃል። አሁን ማንም የለብህ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ጠዋቱ የቬስተር ነው።»

ግማሽ ቀን ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ጀልባውን አወረደ።

በማግስቱም እንዲሁ አደረገ፤ አሁንም እንዲሁ ነው። ጠዋት ይመጣል፣ ሱቁን ስንጎትት ገመድ ይይዝልኛል፣ ከዚያ ተቀምጦ ያንን በኩል ያያል። አንድ ሁለቴ ሌሎች አጥማጆች «ሆባርት፣ ዓሣው ካንተ ጋር ቀጠሮ አለው እንዴ?» ብለው ቀልደውበታል። ሰዓቱ ሲደርስ ይወጣል፣ ሲመሻሽ ይመለሳል።

«እንዴት ነበር?» እለዋለሁ።

«እምቢ አሉ» ይለኛል። ፊቱ ላይ ግን ቅሬታ አላይበትም።